ዓለሚቱና የዳማ ድስት

ባለፈው ጥቅምት በቤታችን ውስጥ ከኔ የተሻለ የሚበላ ፍጡር ነበር ብል ሰው ይስቅብኛል። እውነቴን ነው። እኔ ጠዋት ሻይ በዳቦ ቀምሼ ስወጣ፣ ጓሮ ለተኛው ውሻ ጉበት በዱባ ተቀቅሎ፣ በላዩ ላይ የተፈጨ ተልባ ተነስንሶ ይቀርብለት ነበር። ቅናት ነው ካላችሁኝ አልክድም። ሠላሳ ስምንት ዓመት የወጥ ሠሪዋ ባል ሆኜ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ውሻው ቤታችን ከገባ ገና ሳምንቱ ነበር።

ነገሩን ለማስረዳት መጀመሪያ ስለ ባለቤቴ ስለ ዓለሚቱ መናገር አለብኝ። ዓለሚቱ እዚህ ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ የሠራተኞች መመገቢያ ሠላሳ አንድ ዓመት ወጥ ሠርታለች። ሽንኩርት ላጭ ሆና ገብታ ዋና ወጥ ሠሪ ሆና ወጣች። በቀን ወደ አራት መቶ ሰው ታበላ ነበር። ሠራተኛው አኩርፎ ስብሰባ ሲጠራ ሥራ አስኪያጁ አስቀድሞ “ዓለሚቱ ዛሬ ምን ሠራች?” ብሎ ይጠይቅ ነበር ይባላል፤ ወጡ ጥሩ ከሆነ ስብሰባውን ከምሳ በኋላ ያደርገዋል። ይህን የነገረችኝ ራሷ ስለሆነች ግማሹን ቀንሱለት። እጇ እንደሚጣፍጥ ግን እኔም ምስክር ነኝ፤ ቀበቶዬም ምስክር ነው።

የሙያዋ ሁሉ መነሻ ቁሌቱ ነው። ሽንኩርቱን አድቅቃ ትከትፍና በዝግታ እሳት፣ ሰው ሳታናግር፣ ከድስቱ ዐይኗን ሳትነቅል ታቁላላዋለች። በዚያ ሰዓት ወጥ ቤት ገብቶ ወሬ የጀመረ ሰው አይወደድም። “ሽንኩርቱ ካልበሰለ ሌላው ሁሉ ልፋት ነው” ትላለች። ለአዳዲስ ወጥ ሠሪዎችም መጀመሪያ የምታስተምረው ይህንኑ ነበር፤ ሌላውን እያዩ ይማሩ ብላ ነው።

ጡረታ በወጣች በሳምንቱ ከውጭ ስገባ ትንሿን ድስት ጥዳ ስታለቅስ አገኘኋት።

“ሽንኩርቱ ነው?” አልኳት።

“ዝም በል” አለችኝ።

ልጆቻችን አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ሐዋሳ ናቸው። ለሁለት ሰው ወጥ መሥራት ለሷ የዕቃ ዕቃ ጨዋታ ሆነባት። እኔ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበርኩ ጡረታ ስወጣ እንቅልፌን ነው የጠገብኩት፤ እሷ ግን እረፍት የሚባለውን ነገር ከመጀመሪያውም አታውቀውም። አራት ወር ሙሉ ጎረቤት በታመመ ቁጥር ሾርባ ስታመላልስ ከረመች። ደግነቷ ጥሩ ነው፤ ግን ሰዎቹ ለሾርባው ብለው የሚታመሙ መስሎኝ ነበር።

እንዲህ ባለው ጊዜ ነው የሱፍ የመጣው። የሱፍ ሐርቡ አካባቢ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ነው። ለፋብሪካው መመገቢያ ሽንኩርት ያቀርብ ስለነበር ከዓለሚቱ ጋር የቆየ ትውውቅ አላቸው። ሽንኩርቱ የበሰበሰ ቀን ትሰድበዋለች፣ ያማረ ቀን ትመርቀዋለች፤ እንዲህ ሲባባሉ ነው የተዋደዱት። የዚያን ቀን በራችን ላይ ባጃጅ ቆመ። የሱፍ ወረደና አንድ ትልቅ ዳማ ውሻ በጆንያ እንደተጠቀለለ አቅፎ አወረደ። የውሻው ጎን ከብብቱ እስከ ታፋው ተሰፍቷል።

“ከርከሮ ነው” አለ የሱፍ። “ማሳዬ ውስጥ ገብቶ፣ ይሄ ሲያባርረው ዘነጠለው። ከደሴ ነው የምመጣ፤ ሐኪም ሰፋችልኝ። ‘አንድ ወር ተኩል አይሩጥ፣ በደንብ ይብላ’ አለች። እኔ ዘንድ ሆኖ እንዴት ብሎ አይሮጥም? ማሳ ካየ ገመድ ይበጥሳል። የጋሼ ፀጋዬ ጓሮ ታጥሯል ብዬ ነው፣ ወላሂ ላስቸግራችሁ ፈልጌ አይደለም።”

ጋሼ ፀጋዬ እኔ ነኝ። ‘እስቲ እናስብበት’ ልል አፌን ስከፍት ዓለሚቱ ቀደመችኝ።

“ምን ይበላል?”

“ያገኘውን ነዋ፣ እትዬ።”

“‘ያገኘውን’ የሚባል ምግብ የለም” አለችና ወደ ወጥ ቤት ዞረች። በዚሁ ተወሰነ።

የሱፍ ከመሄዱ በፊት ውሻው ዳማ እንደሚባል፣ ያሳደገው ሟች አባቱ እንደሆነ፣ እሱ ከመጣ ወዲህ ሽንኩርት ማሳው ውስጥ ሌባም አውሬም በሰላም ገብቶ እንደማያውቅ ነገረን። “የአባቴ ቅሪት ነው። አማና ሰጥቼዎታለሁ፣ እትዬ ዓለሚቱ” አላት። አማና ሲሉ የሚስቁበት ነገር አይደለም። ለአንድ ሰው አማና ከሰጡት ያ ነገር ከልጁ እኩል ሆነ ማለት ነው። ዓለሚቱም አልሳቀችም፤ “አብሽር፣ አታስብ” ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

ከማግስቱ ጀምሮ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። ዓለሚቱ ጠዋት በሺር ዘንድ ትሄዳለች። በሺር ሥጋ ቤት ያለው የሰፈራችን ሰው ነው። “ሳንባና ጨጓራ ስጠኝ፣ ትንሽ ጉበትም ጨምርበት” ትለዋለች።

“ለሰው ነው ለውሻ?”

“ለውሻ ነው፤ ለሰው እንደምትሰጠው አጽድተህ ስጠኝ።”

ከሐይቅ ዓሣ የሚያመጡትን ሴቶች መንገድ ላይ ጠብቃ ጭንቅላቱን ትለምናቸዋለች። እሱን ቀቅላ አጥንቱን አንድ በአንድ ትለቅምና መረቁን ታስቀራለች። የእንቁላል ቅርፊት ከጎረቤት ሁሉ ሰበሰበች፤ አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ፣ ወቅጣ፣ ነፍታ ዱቄት አደረገችው፤ “ለአጥንቱ” ነው። የሽፈራው ቅጠል አደረቀች፤ “ለጉልበቱ” ነው። ተልባ ቆልታ ፈጨች፤ “ለጠጉሩ” ነው። ማሽላ፣ ካሮት፣ ዱባ ተከተሉ። እያንዳንዱን በጣሳ በጣሳ አድርጋ መደርደሪያ ላይ ስታሰልፈው ፋርማሲ የከፈተች ይመስል ነበር። እኔ ጉልበቴን ሲያመኝ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ‘ለጉልበቱ’ ተብሎ የተወቀጠልኝ ነገር ግን የለም። ይህንንም ነግሬያታለሁ።

በርበሬ አላስገባችም። “የውሻ ሆድ አይችለውም” አለች። ጨውም ተወች። እዚህ ድረስ አስተዋይ ነበረች። ሽንኩርቱን ግን አልተወችም። ሁለት ራስ ሽንኩርት ከትፋ፣ እንደ ወትሮዋ ዝም ብላ፣ አቁላልታ ነው ሥጋውን የምትጨምረው። ያለ ቁሌት ድስት መጣድ እንደሚቻል ሐሳቡም አልመጣላትም፤ ለኔም አልመጣልኝ። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ወቅጣ በጥሬው ታደርግበታለች። ቁስል ያደርቃል፣ የሆድ ትል ይገድላል፣ እናቷም ለልጆቿ ታደርገው ነበር።

አንድ ቀን ከፖስታ ቤት ስመለስ ምድጃው ላይ ያለውን ድስት ከፍቼ ሁለት ጭልፋ በላሁ። ጨው ቢያንሰውም የሚጣፍጥ ነበር፤ ሦስተኛውን ስቀዳ ዓለሚቱ ገባች።

“የዳማን ምሳ!” ብላ ጮኸች።

ለውሻው ሌላ ምሳ ወዲያው ጣደችለት። እኔን ግን “አንተማ በልተሃል” አለችኝ።

ዳማ ወዝ አወጣ። በዐሥር ቀን ውስጥ ቁስሉ ደረቀ፣ ጠጉሩ ማብረቅረቅ ጀመረ፤ ዓለሚቱን ሲያይ መላ ሰውነቱን እንደ ጅራት ያወዛውዛል። እሷም ተለወጠች። ወጥ ቤት ሆና መዝሙር ስትዘምር መስማት ጀመርኩ። የሱፍ ለጥየቃ መጥቶ ሲያየው “ያ ረቢ፣ ይሄ የኔ ውሻ ነው?” አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ጆንያ ሙሉ ሽንኩርት ተሸክሞ መጣ፤ ከማሳው የለቀመው፣ ያ ቀዩ፣ ድፍኑ፣ ያማረው። “የዳማ ስንቅ ነው” ብሎ ወጥ ቤት በር ላይ አኖረው። ዓለሚቱ አንዱን ራስ አንስታ አገላብጣ አየችና መረቀችው። ከዚያ ቀን ወዲያ ቁሌቱ አራት ራስ ሆነ።

በሦስተኛው ሳምንት ዳማ ምግቡን አሽትቶ መተኛት ጀመረ። ሲጠሩት ጅራቱን ያነሳል እንጂ አይነሳም። ቆሞ ሳለ ያለከልካል። ዓለሚቱ አገላብጣ አየችውና “ደም አንሶታል” አለች። እውነቷን ነበር፤ ልክ ብላ ነው የተሳሳተችው። ደም ስላነሰው ጉበት ጨመረች፤ ጉበቱ እንዲጥመው ቁሌቱን አበዛች፤ ነጭ ሽንኩርቱንም ከሦስት ፍንካች ወደ ስድስት አሳደገች። እሱ በደከመ ቁጥር እሷ ትበረታለች። በእጇ እያጎረሰች “ብላ የኔ ልጅ፣ ለደምህ ነው” ስትለው ሰማኋት። እሱም እሷን ላለማስቀየም ይመስል ይውጣል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቤታችን የጸሎት ኅብረት አለን። በቤተ ክርስቲያናችን እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ስለዚህ የጸሎት ርዕስ የምጠይቀው እኔ ነኝ። አንዱ የልጁን ፈተና፣ አንዷ የእናቷን ስኳር በሽታ ተናገሩ። ዓለሚቱ “ዳማ ታሟል” አለች።

“ዘመድ ነው?” አለቻት ወርቄ፣ ከኅብረታችን በዕድሜ ትልቋ።

“ውሻ ነው።”

እኔ ምንጣፉን ማየት ያዝኩ። ወርቄ ጥቂት አሰበችና “እሱስ ቢሆን ፈጣሪ አለው አይደል” ብላ ዐይኗን ጨፈነች፤ ሌላውም ተከተላት። ዓለሚቱ የጸለየችውን ጸሎት መቼም አልረሳውም። እኔ ኩላሊቴን ታምሜ ተኝቼ ሳለሁ እንኳ ያን ያህል አልጸለየችልኝም።

በማግስቱ ጠዋት የዳማ ሽንት የጠቆረ ሻይ መሰለ። ዓለሚቱ አየችውና ጆንያ አነጠፈች። አሮጌ ፒክአፕ አለችኝ፤ ከኋላ ጭነን ወደ ደሴ ወጣን። ዓለሚቱ ከፊት አልቀመጥም ብላ ከውሻው ጋር ከኋላ ሆነች። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጉም ነበረ፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ቆሜ “ኧረ ነይ ግቢ” ብላት “ንዳ” ብቻ አለችኝ።

የእንስሳት ሐኪሟ ሳሊሃ ትባላለች። ዳማን የሰፋችውም እሷ ናት። ሥራ ቦታዋ ከሰኞ ገበያ ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ መኪናውን ራቅ አድርገን አቁመን ውሻውን በገበያተኛው መሐል ተሸክመን ገባን። ሳሊሃ የልጃችን እኩያ ብትሆን ነው። ጓንቷን አጥልቃ የዳማን ከንፈር ገለጥ አደረገች። ድዱ ወረቀት ይመስላል። ዐይኑን አየች፣ ልቡን አዳመጠች፣ ስለ ሽንቱ ጠየቀች።

“እማማ፣ ምንድነው የሚበላው?”

ይህን ጥያቄ ዓለሚቱ ስትጠብቀው ኖራለች። ሻሿን አስተካክላ ቆመችና ቆጠረችላት፤ ሳንባውን፣ ጉበቱን፣ የዓሣውን መረቅ፣ ዱባውን፣ የእንቁላል ቅርፊቱን፣ ሽፈራውን፣ ተልባውን። ሳሊሃ እየጻፈች በያንዳንዱ “ጥሩ… ጥሩ… ይሄማ በጣም ጥሩ” ትላለች። የዓለሚቱ ፊት በራ። ከዚያ ስለ አሠራሩ ስትነግራት “ቁሌቱ ሲበስል” ስትል የሳሊሃ እጅ ቆመ።

“ሽንኩርት አለው?”

“እንዴ ልጄ፣ ያለ ሽንኩርት ምን ድስት አለ?”

“ስንት ራስ?”

“መጀመሪያ ሁለት ነበር። አሁን አራት አድርጌዋለሁ። ነጭ ሽንኩርትም እወቅጥለታለሁ፣ ለደሙ።”

ሳሊሃ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፤ ጨዋ ልጅ ናት።

“እማማ፣ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። ቀዩም ነጩም፣ ጥሬውም የበሰለውም። የኛ ሆድ ይችለዋል፤ የሱን ደም ግን ያፈርሰዋል። ዳማ ሽንኩርት ሲጠብቅ ነው የኖረው እንጂ በልቶት አያውቅም።”

ዓለሚቱ እጆቿን እያየች ቆመች፤ መዳፎቿን ገልብጣ፣ የሌላ ሰው እጆች ይመስል። አንጀቴን በላችው። እዚያው ሰው ፊት ላቅፋት ፈልጌ አፈርኩ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

“ጥፋቱ የኔም ነው” አለች ሳሊሃ። “‘በደንብ ይብላ’ አልኩ እንጂ ምን እንደማይበላ አልተናገርኩም።”

“ይድናል?”

“ዛሬውኑ ካቆመ ተስፋ አለው። አሁን መርፌ እወጋዋለሁ፣ ቪታሚንም እሰጣችኋለሁ። የሚለየው ግን የሚመጣው ሳምንት ነው።”

ወረቀት ላይ ጻፈችልን። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ጨው፣ የተቀቀለ አጥንት፤ በሁሉም ላይ ሰረዝ አሰመረችባቸው። የቀረው የዓለሚቱ ድስት ግን አንድም ሳይጎድል እንዲቀጥል ነገረችን። ስንወጣ የዓለሚቱን ክንድ ይዛ “ያ ሁሉ ጉበትና መረቅ ባይኖር እስከ ዛሬም አይቆይም ነበር” አለቻት። ለማጽናናት ይሁን እውነት ይሁን አላውቅም።

ቤት እንደደረስን ዓለሚቱ የሽንኩርቱን ጆንያ በሁለት እጇ እየጎተተች ከወጥ ቤት አወጣችው። ላግዝሽ ብላትም እምቢ አለች። ለሁለት ቀን ለኛ ምንም አልተጣደም፤ ዳቦ በሻይ ነው የኖርኩት፤ ደግነቱ ልማዴ ነው። ዓርብ ዕለት የሱፍ ዘንድ ስልክ ደወለች። “ዳማ አሞታል። ምክንያቱን ስትመጣ ዐይንህን እያየሁ ነው የምነግርህ” አለችው። የሱፍ ይህ ቅዳሜ የመስኖ ውኃ ተራው እንደሆነ፣ ካመለጠው ማሳው እንደሚደርቅ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ መጥቶ ውሻውን እንደሚወስደው ተናገረ።

አሁን የማፍርበትን ነገር ልናገር። እኔ ሽማግሌው ዓለሚቱን “ምን አስጨነቀሽ? ‘ቁስሉ አመርቅዞ ነው’ ብንለውስ?” አልኳት።

“ከሞተስ?”

“ከሞተም ቁስሉ ነው ማለት ነዋ።”

አየችኝ። “እሑድ እሑድ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘህ ሰው ፊት የምትቆመው አንተ ነህ አይደል?” አለችኝ። ቀኑን ሙሉ አጥር ስጠግን ዋልኩ።

ያለ ሽንኩርት የመጀመሪያውን ድስት ስትጥድ አጠገቧ ነበርኩ። ድስቱን አስቀመጠች፣ እሳቱን ለኮሰች፣ እጇ በልማድ ሽንኩርት ወደሚቀመጥበት ሄደ። ቅርጫቱ ባዶ ነው። እጇን መለሰች። ውኃ ጨመረች፣ ሥጋውን ጨመረች፣ ዱባውን ጨመረች፤ ራቁቱን መንገድ ላይ የወጣ ሰው ይመስል ድስቱን በክዳን ሸፈነችው። “ይህን ለሰው ሠርቼ ቢሆን በማግስቱ ያባርሩኝ ነበር” አለች። ቀመሰችው። “ምንም የለውም” አለች። እንባዋ ወረደ፤ በዚህ ጊዜ ሽንኩርቱ ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም።

ዳማ አሸተተው። አንዴ ላሰ። ሦስት ጉርሻ ያህል በልቶ ተኛ። ዓለሚቱ ልጇ የተመረቀ ይመስል አጨበጨበች።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ድዱን ማየት የቤታችን ሥራ ሆነ። እሷ ከንፈሩን ትገልጣለች፣ እኔ መነጽሬን አደርጋለሁ። እሑድ ነጭ። ሰኞ ነጭ። ማክሰኞ ጨርሶ አልበላም፤ ዓለሚቱ ቀኑን ሙሉ ጓሮ ቁጭ ብላ መረቁን በማንኪያ አፉ ውስጥ ስታንጠባጥብ ዋለች። ረቡዕ “ትንሽ ቀላ ያለ መሰለኝ” ብላት “አትዋሽ” አለችኝ። ዓርብ ጠዋት ግን ስሜን እየጠራች ነው የቀሰቀሰችኝ። ጫማዬን ሳላጠልቅ ስወጣ ዳማ ቆሞ ባዶ ሳህኑን በአፍንጫው እየገፋ ግቢውን ያዞረዋል። ድዱ ቀልቷል። ብዙ አይደለም፤ ግን እኔም ያለ መነጽር አየሁት።

ቅዳሜ የሱፍ ከገበያ በኋላ መጣ። አዲስ ገመድ ትከሻው ላይ ጠምጥሟል። “እንዴት ዋላችሁ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ቆሟል!” እያለ ወደ ጓሮ ሲያልፍ ዓለሚቱ መንገዱ ላይ ቆመች።

“አትቀመጥ የሱፌ። መጀመሪያ ስማኝ” አለች። ሁሉንም ነገረችው። ሁለቱን ራስ፣ አራቱን ራስ፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ በእጇ ማጉረሷን፣ የሐኪሟን ቃል፤ አንዱንም አልዘለለችም፣ አንዱንም አላሳመረችም። “አማናህን ያሳመምኩት እኔ ነኝ። የገዛ ሽንኩርትህን አብልቼ ልገድልብህ ነበር። አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።”

የሱፍ በጎኗ አልፎ ውሻው አጠገብ ቁጢጥ አለ። ዳማ እያለከለከ ተጠጋው። የሱፍ እጁን ሰደደና የውሻውን ከንፈር በገዛ ጣቶቹ ገለጠ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የነሱ የእስልምና ደንብ የውሻ ምራቅ የነካውን ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ መታጠብን ይጠይቃል። ስለዚህ ውሻውን ሲወደው የኖረው ከአፉ ርቆ ነው። አሁን ግን ድዱን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ለቀቀው፤ የነጣው ቦታ ተመልሶ ሲቀላ አየ። ሌላውንም ወገን አየ።

“ቀልቷል” አለ።

ተነስቶ እጁን ከልብሱ አርቆ “ጋሼ፣ እስቲ ውኃ። አፈርም ላንሳ” አለኝ። በጆግ እያፈሰስኩለት ታጠበ። አፈሩን እያሸ፣ ቀና ሳይል፣ ለዓለሚቱ ነው የተናገረው።

“ሽንኩርት ስዘራ ሃያ ዓመቴ ነው፣ እትዬ። ውሻ እንደሚገድል የሰማሁት ዛሬ ነው። እኔ ዘንድ ሆኖ ጥሬውን አንስቶ በልቶ ቢሆን ይሞት ነበር፤ በምን እንደሞተም አላውቅ። እርስዎ ዝም ቢሉኝም አላውቅም ነበር።” ሰባተኛውን አፈሰስኩለት። እጁን አራገፈ። “አፉ ብያለሁ። አላህ ለሁላችንም አፉ ይበለን።”

ዓለሚቱ ራሷን ነቀነቀች። ወደ ወጥ ቤት ገብታ በፌስታል የተቋጠረ ነገር ይዛ ወጣች፤ የእንቁላል ቅርፊቱን፣ ሽፈራውን፣ ተልባውን፣ የሐኪሟን ወረቀት ጨምራ ጠዋት ነው ያዘጋጀችው። “ስንቁ ነው። ተመልከተው፣ ሽንኩርት የለበትም” አለች።

የሱፍ ፌስታሉን ተቀብሎ ከፈተ። አንዱን ቋጠሮ አሸተተ። ወረቀቱን አነበበ። ከዚያ ሁሉንም መልሶ እጇ ላይ አኖረው።

“ሐኪሟ ስንት ቀን ይረፍ አለች?”

“ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል።”

“እንግዲያው ሁለት ሳምንት ይቆያል።”

“እኔ ጋ?”

“እና ማን ጋ? እኔ ይህን ሁሉ መሥራት እችላለሁ?”

ገመዱን ከትከሻው አውርዶ ሰጣት። የሐርቡ ሚኒባስ እንዳያመልጠው ሰዓቱን አየና ባዶ እጁን በበሩ ወጣ። ዓለሚቱ ገመዱን ደረቷ ላይ እንደያዘች ትንሽ አለቀሰች፤ ከዚያ ዐይኗን በሻሿ ጠርጋ ድስት ልትጥድ ገባች።